«ውሃ ነበር የማመላልሰው» ይሉ የነበሩትን አያቴን እንዴት ላስታውሳቸው?

ለዓምዱ አዘጋጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የ29 ዓመት ወጣት ስሆን ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እኖራለሁ። ያደግሁት ወረባቦ፣ በእናቴ አባት እጅ ነው። አያቴ ገበሬ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከገበሬ ማኅበራቸው ከተመረጡት አንዱ ሆነው ታጠቅ ጦር ሰፈር ገቡ፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዘምተው ከሦስት ዓመት በኋላ ቀኝ እግራቸውን እያነከሱ ተመለሱ። ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወሩም ነበር። የሰፈር ልጆች «አባባ፣ ካራማራ ላይ ስንት ጠላት ጣሉ?» ሲሏቸው «እኔ ውሃ ነበር የማመላልሰው፤ የተዋጉት ሌሎች ናቸው» ይሉና ወሬውን ወደ ማሽላው ወይም ወደ ዝናቡ ይመልሱታል። ከብርጭቆ የተረፈ ውሃ ሲደፋ ማየት ግን ፈጽሞ አይችሉም ነበር። ሌሊት ሳይቀር ተነሥተው የጀሪካኑን ክዳን ጠበቅ ያደርጉ ነበር።

አያቴ ካረፉ መጋቢት ላይ ዓመት ይሞላቸዋል። ቤተሰቡ ሰደቃ ለማውጣት ተስማምቷል፤ በዕለቱ ከፎቶግራፋቸው ጋር ታትሞ የሚታደለውን የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ደግሞ እኔ ተመርጫለሁ። አጎቴ፣ አያቴ ሲዘምቱ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረው የእናቴ ወንድም፣ «ካራማራ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉት አንዱ ነበሩ ብለሽ ጻፊ» ይለኛል። ይህን ከአያቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ይህንኑ ስነግረው «ታዲያ ልጆቻችን ውሃ ቀጂ ነበር ሲባል ይስሙ?» ብሎ ተቆጣኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሣም። እናቴም «ለአንድ ወረቀት ብለሽ ወንድሜን አታስኮርፊብኝ» ትለኛለች። የዘመቻ ወረቀታቸውና ሜዳሊያቸው በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ከቤት ዕቃው ጋር ስለጠፉ የማመሳክርበት ነገር የለኝም። የተረፈው እናቴ ይዛው የሸሸችው፣ የደንብ ልብስ ለብሰው የተነሡት አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በቀብራቸው ዕለት ከሐይቅ ከተማ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ፣ «ያ ውሃ አጠጪዬ» እያሉ ሲያለቅሱ ሰምቼ ነበር፤ በግርግሩ ማንነታቸውን በቅጡ ሳንጠይቅ ሸኘናቸው። የዘመቻ ጓደኛቸው መሆናቸውን እናቴ የነገረችኝ በኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ስልኬ ሁልጊዜ በእጄ ነበር፤ ድምፃቸውን አንድ ቀን እንኳ አልቀዳሁም። አሁን ምን ልጻፍ? እንዴትስ ላስታውሳቸው?

«የልጅ ልጅ» ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

ውድ እህቴ፣

ለእሳቸው ነፍስ ምሕረትን፣ ለእናንተም መጽናናትን እመኛለሁ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ሳነበው ልቤ ያረፈው በሰንደቅ ዓላማው ጉዳይ ላይ ነበር፤ ሁለተኛ ስመለስበት ግን በሁለት መስመር ብቻ አንሥተሽ ካለፍሻቸው ከሐይቁ ሽማግሌ ማለፍ አቃተኝ። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ። አስቀድሜ ስላልቀዳሽው ድምፅ ልናገር፤ ሌላው ጥያቄሽ ሁሉ ከዚህ ጸጸት የሚነሣ ይመስለኛልና።

የሚወዱትን ሰው ድምፅ ማጣት ከባድ ነው፤ «ምንም አይደል» ብዬ ላቃልልብሽ አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። አያትሽ፣ ለገዛ ልጆቻቸውና ለሰፈር ልጆች ያላወሩትን ነገር፣ ስልክ ተደቅኖባቸው ያወሩት ነበር ብለሽ ታምኛለሽ? እኔ እጠራጠራለሁ። ዝምታው የእሳቸው ምርጫ ይመስለኛል፤ አንቺ ባለመጠየቅሽ የመጣ አይደለም። ደግሞም የተረፈ ውሃ ሲደፋ ማየት የማይችሉ፣ ሌሊት ተነሥተው የጀሪካን ክዳን የሚያጠብቁ ሰው ስለ ኦጋዴን ምንም አልተናገሩም ማለት ይቻላልን? ይህን ያየሽውና በልብሽ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ከቤተሰቡ ይህን ነገር ሌላ ማን እንዳስተዋለ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? እናትሽ ምናልባት አንቺ ያላየሻቸውን ሌሎች ልማዶቻቸውን ታስታውስ ይሆናል፤ ከዘመቻ የተመለሱ ሰሞን እንዴት ይተኙ እንደነበር፣ ምን ድምፅ ሲሰሙ ይደነግጡ እንደነበር። ቀኝ እግራቸው የትና እንዴት እንደተጎዳ አልጻፍሽልኝም፤ ቤተሰቡ ያውቃል?

«ውሃ አመላላሽ» የሚለው ቃል አጎትሽን ያሳፈረው፣ ውሃው የተመላለሰበትን አገርና ጊዜ ከቃሉ ለይቶ ስለሰማው ይመስለኛል። የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ወረራውን አስፍቶ ሲገባ፣ የወሎ ገበሬ ከ1965ቱና ከ1966ቱ ረኃብ ገና በቅጡ አላገገመም ነበር። እንዲህ ያለው ገበሬ ነው ከሌሎች ክፍላተ ሀገር ወንድሞቹ ጋር ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው በታጠቅ ሰፈር የጥቂት ወራት ሥልጠና ወስዶ ወደ ምሥራቅ የተላከው። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተያዘች፤ ከከተማዋ በስተምዕራብ ወደ ሐረር የሚያሻግረው የካራማራ ተራራ በርም በጠላት እጅ ወደቀ። ጅጅጋ በኢትዮጵያና በኩባ ወታደሮች ተመልሳ የተያዘችው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱም የካራማራ ድል ተብሎ እስከ ዛሬ ይታሰባል። በእነዚህ ቀኖች መካከል ያሉት ወራት በአብዛኛው ያለፉት ደግሞ ምንጭ ከምንጭ በሚራራቅበት፣ ብዙው ወንዝ ከዝናብ ወቅት ውጭ አሸዋ ብቻ በሚሆንበት አገር ነው።

እስቲ አስቢው። ምሽግ ውስጥ ያለውን ሰው አፈሩ ይከልለዋል። ውሃ ተሸክሞ ወደ ምሽጉ የሚመላለሰው ግን የሚሄደው በገላጣው ነው፤ ሸክሙ ስለሚከብደው እንደ ልቡ አይሮጥም፣ ይደፋብኛል ብሎ ስለሚሰጋም በቀላሉ መሬት ላይ አይወድቅም። አያትሽ ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረጉት አላውቅም፤ «የተዋጉት ሌሎች ናቸው» ማለታቸውን ግን እንደ ትሕትና ብቻ አላየውም። ውሃውን ያደረሱላቸውን ሰዎች በስም ያውቋቸው ነበርና፣ ከእነሱም ያልተመለሱ ይኖራሉና፣ የእነዚያን ድርሻ ለራሳቸው ላለመውሰድ የተጠነቀቁ ይመስለኛል። የውሃ ነገር በጦር ሜዳ ትንሽ አለመሆኑን ደግሞ እኛ ወሎዎች ከማንም በፊት ልናውቅ ይገባን ነበር። ከጣሊያን ጋር ጠብ ያመጣው ውል የተፈረመው ውጫሌ ነው፤ የዐድዋ ዘማችም እንዲከት የታዘዘው ወረኢሉ ላይ ነው። በዚያው ዘመቻ መቀሌ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ለቆ የወጣው በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ስለተያዘበት ነበር። ዐድዋ ላይ ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ ያደረሱትን ሴቶች ውሃ ቀጂ ነበሩ ብሎ የሚያፍርባቸው የለም።

ይህን ሁሉ ለአጎትሽ እንደ ክርክር እንድታቀርቢለት ግን አልመክርሽም፤ በክርክር ብታሸንፊው እንኳ ስልኩን አያነሣልሽም። ይልቅ ስለ ስድስት ዓመቱ ልጅ እናስብ። ጨቅላ ሳለ ረኃብ በቤቱ አለፈ፤ ነፍስ ማወቅ ሲጀምር አባቱ ተመርጠው ሄዱ። ለሦስት ዓመት «አባትህ የት ሄደ?» ሲባል የሚመልሰው መልስ ያስፈልገው ነበር። ማታ ከብቶቹን ማን ከብት ቤት ያስገባ እንደነበር፣ እርሻውን ማን ያርስ እንደነበር፣ እናቱ ለብቻዋ ስታለቅስ ያይ እንደሆነ የነገረሽ አለ? ያ ልጅ ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ስለ ሰንደቅ ዓላማ ሲናገር፣ ምናልባት አባቱ ከእሱ የተወሰዱበት ምክንያት ለሦስት ዓመት ናፍቆት የሚመጥን እንዲሆንለት እየፈለገ ይሆናል። ይህ ግምት ነው፤ ልሳሳት እችላለሁ። እውነቱን የምታውቂው ግን ስትጠይቂው ብቻ ነው። ስለዚህ ረቂቁን እቤት ትተሽ፣ ከቻልሽ እናትሽን ይዘሽ፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ቤቱ ሂጂ። ስለ ወረቀቱ አታንሺ። «አባባ የሄዱ ዕለት ምን ትዝ ይልሃል?» ብለሽ ጠይቂው፣ ከዚያም ዝም ብለሽ አዳምጪው። አቦሉ አልቆ በረካ እስኪደርስ ዝም ቢል እንኳ አትቸኩዪ።

የሚነግርሽ ነገር የሕይወት ታሪኩ ክፍል ነው። «ልጃቸው በስድስት ዓመቱ እንዲህ ብሎ ሸኛቸው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በአጎትሽ ስም፣ በወረቀቱ ላይ ቢሰፍር ከሰንደቅ ዓላማው የበለጠ የእሱ ይሆናል፤ ማንም ሊከራከረውም አይችልም።

ይህን የምልሽ ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። አባቴ ሲሞት የሕይወት ታሪኩን ጽፌ ያነበብሁት እኔ ነበርሁ። ደግ፣ ቅን፣ የተከበረ፣ ለተቸገረ ደራሽ ብዬ ጻፍሁ፤ ሕዝቡም አለቀሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ሳነበው፣ አባቴን የሚመስል አንድም ቃል አጣሁበት። ከማንኛውም ሟች ስም በታች ሊሠራ ይችል ነበር። ጠዋት ጠዋት በሩን ከመክፈቱ በፊት ሁለት ጊዜ የሚስለውን ሳል እንኳ አልጻፍሁትም፤ ዛሬ የሚናፍቀኝ ደግሞ እሱ ነው። የተረፈው ውሃና የጀሪካኑ ክዳን በወረቀትሽ ላይ እንዲኖሩ የምወተውትሽ በዚህ ምክንያት ነው።

የሰንደቅ ዓላማውን ነገር ግን አትጻፊው። ሰንደቅ ዓላማውን የሰቀሉት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም የልጅ ልጆች አሏቸው። ከዚህም በላይ በሰደቃው ዕለት ከሐይቅ የሚመጡት ሽማግሌ ወረቀቱ ይታደላቸዋል፣ ማንበብ ባይችሉ እንኳ ይነበብላቸዋል። የጓደኛቸውን ታሪክ ተለውጦ ሲሰሙ ምን የሚያደርጉ ይመስልሻል? ይሉኝታ ይዟቸው ዝም ይላሉ፤ «ያ ውሃ አጠጪዬ» ያለ አንደበት በእናንተው ድንኳን ውስጥ ይዘጋል። ሐሰቱ የሚጎዳው መጀመሪያ እሳቸውን ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

አሁን ወደ እኚህ ሰው ልመለስ። ድምፃቸውን አልቀዳሁም ብለሽ የምታለቅሺላቸውን አያትሽን በሕይወት ካሉት ሰዎች ሁሉ በዚያ አገር ያየ ምናልባት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የሚኖሩትም ከአንቺ ብዙ በማይርቅ ከተማ አካባቢ ነው። ሰደቃውን አትጠብቂ። በዚያ ቀን ሰው ይበዛል፣ ጸሎቱና መስተንግዶው ፋታ አይሰጥም፣ እንደ ቀብሩ ዕለት ሳታነጋግሪያቸው ትሸኛቸዋለሽ። አስቀድመሽ ዘመድ ልከሽ ወይም ስልክ ደውለሽ ፈቃዳቸውን ጠይቂ፤ የጾምና የበዓል ቀናቸውን ጠብቂ፤ ቡናና ስኳር ይዘሽ ሂጂ። አጎትሽም አብሮሽ እንዲሄድ ለምኝው። እምቢ ቢል አታስገድጂው፤ ነገር ግን ያንን ቃል ከወረቀት ሳይሆን ከአባቱ ጓደኛ አፍ ቢሰማው ነገሩ በራሱ ሊፈታ ይችላል የሚል ተስፋ አለኝ።

ስትደርሺ ስልክሽን ወዲያው አታውጪ። መጀመሪያ ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ ሐዘኑ ይቅደም። ከዚያ «ድምፅዎን ብቀዳ ይፈቅዱልኛል?» በይ፤ ካልፈቀዱ ደግሞ ከቤታቸው እንደወጣሽ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ፣ የሰማሽውን በንግግራቸው መልክ ጻፊው። ጥያቄዎችሽ ትንንሽና የሚጨበጡ ይሁኑ። ከወሎ ወደ ታጠቅ በምን ተጓዛችሁ? ምን ትበሉ ነበር? ጫማ ነበራችሁ? ውሃው ከየት ይመጣ ነበር፣ በምንስ ይከፋፈል ነበር? ማንበብ ለማይችለው ደብዳቤ ማን ይጽፍለት ነበር? ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲመጡ እዚያ ምን ታደርጉ ነበር? ስለ መግደልና ስለ መሞት ግን እሳቸው ካላነሡ አታንሺ። ካለቀሱ ወይም ዝም ካሉ ጥያቄውን ተዪና ከእሳቸው ጋር ቁጭ በዪ፤ ሌላ ቀን መመለስ ይቻላል። «ውሃ አጠጪዬ» ያሉበትን ምክንያት ደግሞ በመጨረሻ ጠይቂያቸው፤ መልሱ ረጅምም አጭርም ሊሆን ይችላል፣ እንደመጣ ተቀበዪው።

ወረቀቱን ስትጽፊ ከአያትሽ አፍ የሰማሽውን፣ በዓይንሽ ያየሽውንና ከሰው የሰማሽውን አታደባልቂ። ለምሳሌ እንዲህ ብሎ መጀመር ይቻላል፦ «በ1969 ዓ.ም. ከገበሬ ማኅበራቸው ተመርጠው ወደ ምሥራቅ ዘመቱ። ራሳቸው ሲጠየቁ ውሃ ነበር የማመላልሰው ይሉ ነበር። ከተመለሱ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በቤታቸው ውሃ ተደፍቶ አያውቅም።» ሜዳሊያቸውና ወረቀታቸው መቼና እንዴት እንደጠፉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። በዚያ ጊዜ በአካባቢያችን ያልተዘረፈ ቤት ጥቂት ነው፤ የደሴ ሙዚየም እንኳ ከዝርፊያው አላመለጠም። መጥፋቱን መጻፍ አያሳፍርም፣ ለሚመጣው ልጅም «ለምን አላስቀመጣችሁትም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል። የማታውቂውን ደግሞ ባዶ ተዪው። ሦስቱን ዓመት በሙሉ የመሙላት ግዴታ የለብሽም።

አንድ ሐሳብ ልጨምር፤ ይህን ግን ከእኔ ይልቅ የመንደራችሁ ሼህ ቢያብራሩላችሁ ይሻላል። ሰዓድ ቢን ዑባዳ የሞተች እናታቸውን አስበው የትኛው ሰደቃ እንደሚበልጥ ነቢዩን ሲጠይቁ የተመለሰላቸው «ውሃ» የሚል እንደነበረና እሳቸውም በእናታቸው ስም ጉድጓድ እንዳስቆፈሩ ይነገራል። ለሰደቃው የምታዋጡት ገንዘብ ሁሉ ለእርድና ለምግብ ከሚውል፣ ከፊሉ በመስጊዱ ደጅ ወይም በገበያው መንገድ ላይ ለመንገደኛ የሚሆን የውሃ በርሜልና ቧንቧ ቢሆን ምን ይመስልሻል? አጎትሽ ለአባቱ የሚታይ ነገር ይፈልጋል፤ ይህ በየቀኑ የሚታይ ነው። ሥራውን በኃላፊነት እንዲይዘው ብትጠይቂው ደግሞ ኩርፊያውን የሚያበርድ ምክንያት ታገኛላችሁ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ አጎትሽ ሐሳቡን ባይለውጥስ? እንግዲያው በሰደቃው ላይ ስለ አባቱ በገዛ አንደበቱ እንዲናገር ቦታውን ልቀቂለት፤ በአንቺ ብዕር በሚወጣው ወረቀት ላይ ግን የሰማሽውና ያየሽው ብቻ ይስፈር። ለእናትሽም ይህንኑ በለሆሳስ አስረጃት፤ ወንድሟን ማጣት አትፈልግም፣ ፍርሃቷ እውነት ነው። በዕለቱ በሰው ፊት አትከራከሩ። ለክርክሩ የሚሆን ሌላ ቀን አይጠፋም።

ወደ ሐይቅ ከመሄድሽ በፊት ደግሞ ያንን አንድ ፎቶግራፍ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካሉት ፎቶ ቤቶች ወስደሽ አስባዢው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ሆኖ እንደገና ለስደት መዳረግ የለበትም። ለእናትሽ፣ ለአጎትሽ፣ ለአንቺ አንዳንድ ቅጂ ይድረስ። አንድ ደግሞ ለሽማግሌው ይዘሽ ሂጂ፤ ከዚያ ዘመን የጓደኛቸው ፊት በእጃቸው ላይኖር ይችላል።